ትልቁ ካንጋሩ ሣር፣ ትንሹ እንጉዳይ የሚበላው ለምንድን ነው?

ይህን ጥያቄ በዚህ የውይይት መድረክ ላይ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ማታ ጽፌ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ 9 መልስ ጠበቀኝ፤ በሳምንቱ 27 ደረሰ። ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ሰንሰለት፣ ረዝሞ አዲስ የሚገባ ሰው መነሻውን እያጣው ነው። ስለዚህ ማን ምን እንዳለ በቁጥሩ እየተከተልኩ ላውጋችሁ። ቃል በቃል አልገለብጥም። ሐሳቡን ግን እንዳለ አስቀምጣለሁ፤ እኔን የነቀፈውንም ጭምር።

መነሻው ጽሑፍ

ሥራዬ የከብት መኖ ነው። ገለባ፣ ድርቆሽ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ ሳመዛዝን ነው የምውለው። በሬ ደረቅ ገለባ ይዞ በጋውን ይገፋል። ፍየል ግን ከእሾህ መሀል ቅጠል እየመረጠች ትለቅማለች። ገለባ ብቻ ከተሰጣት ትከሳለች። ስለ አውስትራሊያ ባለኪስ እንስሳት ማንበብ ስጀምር ያው ነገር እንደገና አጋጠመኝ።

ባለኪስ የምላቸው ፈረንጆቹ ማርሱፒያል የሚሏቸውን ነው። ግልገላቸውን ገና ጮርቃ ሳለ ይወልዱና አብዛኞቹ በኪሳቸው ያሳድጉታል። ዛሬ በሕይወት ካሉት ትልቁ ቀይ ካንጋሩ ነው። ወንዱ 85 ኪሎ ይደርሳል፤ ሣር ይግጣል። ፖቶሩና ቤቶንግ የሚባሉት ትናንሽ ዘመዶቹ ብዙዎቹ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ቢመዝኑ ነው። እነሱ አፈር እየጫሩ ከመሬት በታች የሚያፈራ እንጉዳይ ያወጣሉ። በኩዊንስላንድ ዝናባማ ደን ውስጥ ደግሞ ግማሽ ኪሎ ብቻ የምትመዝን የካንጋሩ ዘመድ አለች፤ የወደቀ ፍሬ ትለቅማለች። ከነዚህ ሁሉ የምታንሰው የማር ፖሰም የምትባለው ባለኪስ 10 ግራም ገደማ ናት። ምግቧ የአበባ ወለላና ብናኝ ነው።

እኔም ደፍሬ ደመደምኩ። ዕፅ የሚበላ ባለኪስ እንስሳ አካሉ በተለቀ ቁጥር ወደ ሣር፣ ባነሰ ቁጥር ወደ ፍሬና እንጉዳይ ይሄዳል አልኩ። ምክንያቱን የሚያውቅ ካለ እንዲያስረዳኝ ጠይቄ ዘጋሁት።

መልሶቹ

1ኛውን የጻፉት ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ናቸው። ሰላምታቸውን ካደረሱ በኋላ ቀጥታ ወደ ስሌቱ ገቡ። ማክስ ክላይበር የተባለው ተመራማሪ በ1932 እ.ኤ.አ. ያሳየውን አስታወሱን። እንስሳ ሲተልቅ የሚፈልገው ጉልበት በክብደቱ ልክ አያድግም። ለምሳሌ ዋላቢ የሚባል 5 ኪሎ የሚመዝን ትንሽ የካንጋሩ ዘመድና 80 ኪሎ የሚመዝን ካንጋሩ አነጻጸሩ። ክብደቱ 16 እጥፍ ነው። ዐርፎ ሲተኛ የሚያቃጥለው ጉልበት ግን 8 እጥፍ ገደማ ብቻ ነው። ሆድ የሚይዘው የምግብ መጠን ደግሞ ከክብደት ጋር እኩል ያድጋል፤ 16 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ትልቁ ካንጋሩ ከፍላጎቱ አንጻር ሲታይ የትንሹን እጥፍ የሆድ ቦታ አለው። ቦታ ካለ ምግቡ ሊቆይ ይችላል። ከቆየ ደግሞ የሣሩን ጠንካራ ፋይበር ባክቴሪያዎች ቀስ ብለው ያብላሉታል።

ከመኖ ጋር ይህን ያህል ዓመት ስሠራ ነገሩን እንዲህ ጥርት አድርጎ ያሳየኝ ሰው አልነበረም።

2ኛው አንድ ተማሪ ነው። ጥያቄው አጭር ነበር። ትንሹ እንስሳ ሆዱ ጠባብ ከሆነ ለምን ቶሎ ቶሎ እየበላ አያካክሰውም? ይህ ልጅ እስከ መጨረሻው አብሮን ስለቆየ አስታውሱት።

3ኛው መልስ የመጣው ከአንዲት የእንስሳት ሐኪም ነው። ቶሎ ቶሎ ከበላ የበፊቱን ቶሎ ቶሎ ማስወጣት እንዳለበት አስረዳችው። ይህም ጠላ ሳይብላላ ከጋኑ እንደ መቅዳት ነው አለችው። የሣር ጉልበት ያለው ባክቴሪያ እስኪፈታው ድረስ በታሰረው ፋይበር ውስጥ ነው። ሳይፈታ ከወጣ እንስሳው የደከመው ለማኘኩ ብቻ ይሆናል። ፍሬ፣ ወለላና እምቡጥ ግን እንዲህ ያለ ቆይታ አይጠይቁም።

በ4ኛው መምህሩ ተመለሱ። ሐሳቡ መጀመሪያ የተወለደው በካንጋሩ ላይ እንዳልሆነ ነገሩን። ሪቻርድ ቤል በሴሬንጌቲ የግጦሽ አራዊት ላይ፣ ፒተር ጃርማን ደግሞ በ1974 እ.ኤ.አ. በአፍሪካ የአጋዘንና የሚዳቋ ወገኖች ላይ ባወጧቸው ጥናቶች ነው የታወቀው። በዚህም የጃርማንና የቤል መርሕ ይባላል። ለእኛ የሚቀርበውን ምሳሌም አመጡ። እንሹ 4 ኪሎ ገደማ ናት። እምቡጥ፣ ለጋ ቅጠልና ፍሬ እየመረጠች ትበላለች። ጎሽ ግን ከ500 ኪሎ በላይ ሆኖ ሻካራውን ሣር ያጭዳል። ጃርማን በኋላ ወደ አውስትራሊያ ተሻግሮ ካንጋሩዎችን ማጥናቱንም ጨመሩ። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። በሬና ፍየል አይቼ ወደ ካንጋሩ የሄድኩበትን መንገድ ሰውየው በእግሩ ሄዶበታል።

5ኛው ምስጋና ብቻ ነው።

6ኛው ቨርጂኒያ ከሚኖር ወንድም መጣ። ማታ ማታ ቤቱ ደጅ ያለውን የቆሻሻ በርሜል የሚገለብጥ፣ ፊቱ ነጭ፣ ጭራው እንደ አይጥ የተራቆተ እንስሳ አለ። ጎረቤቶቹ ባለኪስ ነው ብለውታል። የካንጋሩ ወንድም ከሆነ ለምን የዶሮ አጥንት ይበላል ሲል ጠየቀ። በ7ኛው ሐኪሟ በትሕትና አረመችው። እንስሳው ኦፖሰም ነው፤ ባለኪስ መሆኑም እውነት ነው። ለካንጋሩ ግን በጣም ሩቅ ዘመድ ነው፤ ያገኘውን ሁሉ ስለሚበላም ከዕፅ በሎቹ ጋር አይቆጠርም። ወንድማችን አመስግኖ በርሜሉን ድንጋይ እንደጫነበት ጻፈ። ይህንንም 7ኛው ሥር ስለጻፈው ለብቻው አልተቆጠረም።

8ኛው ነው የእኔን ሕግ መጀመሪያ የሰነጠቀው። ሜልበርን የምትኖር እህት ነች። አጥሯ ላይ ማታ ማታ ፖሰም (ከቨርጂኒያው ኦፖሰም የተለየ፣ ዛፍ ላይ የሚኖር የአውስትራሊያ ባለኪስ) ይሄዳል፤ ጭራውን እንደ ቀለበት የሚጠቀልለው ዓይነት። የጽጌረዳዋን ለጋ ቅጠልና እምቡጥ ጨርሶባታል። ፓርኩ ውስጥ ደግሞ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሲበላ አይታዋለች። ክብደቱ 1 ኪሎ አይሞላም። በእኔ አባባል ይህ እንስሳ ፍሬ ለቃሚ መሆን ነበረበት። እሱ ግን ዋና ምግቡ ቅጠል፣ ያውም ጠንካራ ቅጠል ነው። እንዴት ሆኖ? ጥያቄዋ በትሕትና የቀረበ ነው። መልስ ግን አልነበረኝም።

9ኛው የሐኪሟ መልስ በጣም ጥሩ ነው። ይህ ፖሰም በትንሹና በትልቁ አንጀት መጋጠሚያ ላይ ሰፊ ከረጢት አለው። ሲከም ይባላል። ቅጠሉ የሚብላላው እዚያ ነው። እንስሳው ደቃቁንና ጠቃሚውን ክፍል በከረጢቱ ያስቀራል፤ ሻካራውን ቶሎ ያስወጣል። ቀን ጎጆው ውስጥ ዐርፎ ሳለ ደግሞ ከሲከሙ የሚወጣውን ለስላሳ ኩስ መልሶ ይበላዋል። ምግቡ ሁለት ጊዜ አንጀት ያልፋል ማለት ነው። ጥንቸልም እንዲሁ ታደርጋለች። በተጨማሪም 1 ኪሎ ተኩል ገደማ የሚሆነው ትልቁ ተንሸራታች ፖሰም ከባሕር ዛፍ ቅጠል ሌላ ብዙም እንደማይቀምስ ነገረችን። ቅጠል በል ለመሆን እጅግ ትንሽ የሚባለው ክብደት እዚህ አካባቢ ነው።

10ኛው ምግብ ላይ ሆኖ እንዳነበበው ገልጾ ቅር ተሰኘ። እኔ ግን ይህ የሚያስጠላ ነገር ሆኖ አልታየኝም። ትንሽ ሆድ ይዞ በቅጠል ለመኖር የተገኘ መውጫ ነው።

11ኛው ዛፍ ላይ የሚኖረውን ባለኪስ፣ ኮዋላን አነሳ። ክብደቱ ከ4 እስከ 15 ኪሎ ይደርሳል፤ የሚኖረው በባሕር ዛፍ ቅጠል ነው። ሲከሙ 2 ሜትር ገደማ ይረዝማል። በቀን ውስጥ ከ18 ሰዓት በላይ ይተኛል ወይም ቁጭ ብሎ ያርፋል፤ ቅጠሉ የሚሰጠው ጉልበት ለሩጫ አይበቃምና። ጸሐፊው አንድ ጥሩ ነጥብ ጨመረ። በሰሜን፣ ኩዊንስላንድ ውስጥ፣ ወንዱ ኮዋላ 6 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። በደቡብ፣ ቪክቶሪያ ውስጥ፣ 12 ኪሎ ይደርሳል። አካሉ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ሁለቱም ግን ያንኑ ቅጠል ነው የሚበሉት።

እዚህ ላይ ክሩ ወደ ሌላ ሄደ። 12ኛው ባሕር ዛፍ ሲነሳ ዝም ማለት አልቻለም። ያደገበት መንደር ከብቶቹ ዛፉ ሥር ይተኛሉ እንጂ ቅጠሉን አይነኩም። ጉንፋን ሲይዘን የምንታጠነው ያ ዘይት ለሆድ መርዝ ነው አለ። ልክ ነው። የኮዋላ ጉበት ትልቁ ሥራ ያንን መርዝ ማርከስ ነው። 13ኛው ባሕር ዛፍ ምንጭ አድርቋል፣ መነቀል አለበት ብሎ ተነሳ። 14ኛው ተቆጣ። ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ አዲስ አበባ የነደደችውም የተሠራችውም በዚሁ ዛፍ መሆኑን፣ እናቱም እንጦጦ ላይ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክማ እንዳሳደገችው ጻፈ። ይህ መልስ ከርዕሳችን ውጪ ቢሆንም ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በ15ኛው የመድረኩ አስተባባሪ ለባሕር ዛፍ ሌላ ክር ከፍቶ ወደ ካንጋሩ መለሰን።

16ኛው የመጣው በዱላ ነው። ጸሐፊው መነሻ ጽሑፌ ከሥሩ ስሕተት መሆኑን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ተናገረ። ደስ የሚሉኝን እንስሳት ብቻ መርጬ እንደደረደርኩ፣ የማይስማሙኝን እንደዘለልኩ ከሰሰኝ። ከዚያ የዘለልኳቸውን አንድ በአንድ አወጣ።

ፕሮኮፕቶዶን የተባለው፣ ዛሬ ከምድር የጠፋው ካንጋሩ 230 ኪሎ ገደማ ነበር። በታሪክ ከታወቁት ካንጋሩዎች ሁሉ ትልቁ ነው። ይህ ትልቅ እንስሳ ታዲያ ሣር በል አልነበረም። ጥርሱ ተመርምሮ በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት ጨዋማ ቁጥቋጦ ይበላ እንደነበር አሳይቷል። የባለኪሶች ሁሉ ግዙፍ የነበረው ዲፕሮቶዶን ደግሞ 2,700 ኪሎ ገደማ ሲሆን፣ ቅጠልና ቁጥቋጦም ይበላ ነበር። ወደ ዛሬዎቹ ስንመጣ፣ የረግረግ ዋላቢ 15 ኪሎ አካባቢ ሆኖ ቁጥቋጦና ፈርን የሚባል አበባ የሌለው ቅጠላማ ተክል ይመርጣል። በዚያው በኩል ከ1 ኪሎ ብዙም የማይበልጠው ናባርሌክ የተባለ የሰሜን አውስትራሊያ ዋላቢ ሣርና ናርዱ የሚባል ሻካራ ፈርን ይበላል። ምግቡ እንደ አሸዋ ጥርስ የሚበላ ሲሊካ የሞላበት ነው። ለዚህም መንጋጋ ጥርሱ ከኋላ እያቆጠቆጠ ወደ ፊት ይገፋል፤ አዲስ ጥርስ ማብቀሉን አያቆምም። ትልቁ ቅጠል፣ ትንሹ ሣር። የእኔ ሕግ ተገለበጠ።

ሳነበው ተናደድኩ። የጻፍኩትን የመጀመሪያ መልስ ሳልለጥፈው ሰረዝኩት። 17ኛው ከዚያ በኋላ የለጠፍኩት የእኔ ነው። እንስሳቱን መርጬ መደርደሬን አመንኩ። መርጬ የደረደርኩት ግን ለማሳሳት አስቤ ሳይሆን ሌሎቹን ባለማወቄ መሆኑን ነገርኩት። ቃሉን ለስለስ እንዲያደርግም ጠየቅሁት።

18ኛው የመምህሩ ነው። ሁለታችንንም ልጆቼ እያሉ አስታረቁንና ነገሩን እንደገና አበጁት። አካል ለእንስሳው ምግብ አይመርጥለትም። የሚወስንለት ወለሉን ነው፤ ከምን ዓይነት ምግብ በታች ወርዶ መኖር እንደማይችል። 80 ኪሎው ካንጋሩ ደረቅ ሣር ላይ ወርዶ መኖር ይችላል። መውረድ አለበት ማለት ግን አይደለም። 1 ኪሎው ቤቶንግ እዚያ ወለል ላይ ልውረድ ቢል በልዩ ጥርስ ወይም በልዩ አንጀት መክፈል አለበት። ሣርና የቁጥቋጦ ቅጠልም ሁለቱም ፋይበር የበዛባቸው ስለሆኑ፣ የፕሮኮፕቶዶን ቅጠል በልነት ከመርሑ ጋር አይጣላም። የተጣላው እኔ ሣርን ብቻ ለይቼ ከጻፍኩት ጋር ነው።

በ19ኛው ያ 16ኛውን የጻፈው ኃይለኛ ሰውዬ ተመለሰ። ድምፁ ትንሽ በርዷል። የመምህሩን አባባል ቢያከብርም እሱም እንዳለ መወሰድ የለበትም ብሎ ተከራከረ። ማርከስ ክላውስ የዙሪክ ተመራማሪ ነው። እሱና ባልደረቦቹ በ2013 እ.ኤ.አ. የብዙ ዕፅ በል እንስሳትን ልኬት አሰባስበው ነበር። ያገኙት፣ አካል ከአንድ መጠን ካለፈ በኋላ ምግብ በአንጀት የሚቆይበት ጊዜ እንደተጠበቀው እንደማይጨምር ነው። ስለዚህ ትልቅ አካል በራሱ የተሻለ ማብላያ አይደለም። ታዲያ ትልቁ ለምን ዝቅተኛውን ምግብ ይበላል? ሌላ ምግብ አይበቃውምና። እንጉዳይና ፍሬ በየቦታው ተበታትነው የሚገኙ ናቸው። 1 ኪሎ እንስሳ እየለቀመ ይጠግባል። 80 ኪሎው ቀኑን ሙሉ ቢለቅም አይሞላለትም። በብዛት ተዘርግቶ የሚገኘው ሣርና ቅጠል ነው።

ከ27ቱ መልሶች አንዱን ብቻ አስቀምጡ ብባል ይህን ነው የማስቀምጠው። ከሥራዬ ጋርም ገጠመ። በሬ ገለባ የሚሰጠው ገለባ ስለሚመቸው አይደለም። ፋጉሎ ብቻ አጥግቦ የሚያሳድር ገበሬ ስለሌለ ነው። ሲሰጠው ግን አይጠላም። ትልቁ ካንጋሩም ዝናብ ዘንቦ ለጋው ሲበቅል መጀመሪያ የሚግጠው ለጋውን ነው።

20ኛው ሁላችንንም ወረፈን። የራሳችን አራዊት እያለቁ ስለ ሰው አገር ካንጋሩ መከራከር የሥራ ፈት ወግ ነው አለ። ሁለት ሦስት ሰው ሊመልስለት ተነሳ። በጣም የሚሻለው መልስ ግን ከደባርቅ መጣ። 21ኛው ነው። ስሜን ተራሮች ላይ እንግዳ የሚመራ ወጣት፣ ሳይቆጣ፣ የካንጋሩ ወሬ ጭላዳን እንዳስታወሰው ጻፈ። ወንዱ ጭላዳ 19 ኪሎ ቢሆን ነው። ጦጣና ዝንጀሮ አብዛኛው ፍሬና ቅጠል ሲመርጥ እሱ ቁጭ ብሎ በጣቱ ሣር ይነጫል። ባለ ብዙ ክፍል ጨጓራም የለውም። ረጃጅም መንጋጋ ጥርሱ ግን ሣሩን አድቅቆ ይፈጨዋል። የሰው አገሩ እንስሳ የራሳችንን እንድናይ ከረዳን ምን ከፋ ሲል ጠየቀ። 20ኛው ሰው አልተመለሰም። እኔም ከወጣቱ ጋር ነኝ። መርሑ ራሱ ከአፍሪካ ሜዳ ተነስቶ ነው አውስትራሊያ የገባው።

22ኛው ካንጋሩ እንደ ላም ያመሰኳል ብሎ ጻፈ። በ23ኛው ሐኪሟ አረመችው፤ ይህችን እርማት በደንብ አብራርታታለች። ላም ውስጥ ሥጋ ሻጭ ሁሉ የሚያውቃቸው ጨጓራና ሽንፍላ አሉ። ሣሩ ጨጓራ ውስጥ ይብላላል፤ እንደገና ወደ አፍ ተመልሶ ይመሰኳል። እስኪደቅ ድረስ ወደ ፊት አያልፍም። መኖው በጣም ሻካራ ከሆነ መንገዱ ይጨናነቃል፤ ላሟም ሆዷ ሞልቶ ትራባለች። የካንጋሩ ሆድ ግን ረጅም ነው፤ በየጎኑ እንደ ከረጢት የተነፋ ቱቦ ይመስላል። ምግቡ እየተብላላ ወደ ፊት ይሄዳል። አልፎ አልፎ ወደ አፉ ቢመለስም እንደ ላም ማመስኳት የዘወትር ሥራው አይደለም። በዚህም ምክንያት ሣሩ ሲሻክር ካንጋሩ ከላም በተሻለ መብላቱን መቀጠል ይችላል። የእኛው ጉሬዛም ቅጠሉን የሚያብላላው ከፊት ባለው ሆዱ እንደሆነ በመጨረሻ ጨመረች።

24ኛው ስለ ዎምባት ነው። 25 ኪሎ አካባቢ የሚሆን፣ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖር ሣር በል ነው። እሱ የሚያብላላው ከኋላ፣ በትልቁ አንጀቱ ነው። ምግቡ ውስጡ ለቀናት ይቆያል። ጥርሱ ሥር የለውም፤ ዕድሜውን ሙሉ ያድጋል። ጸሐፊው እዚህ ላይ ሁላችንም የረሳነውን ነገር አነሳ። ባለኪስ እንስሳት ዐርፈው ሳለ የሚያቃጥሉት ጉልበት ተመሳሳይ ክብደት ካላቸው ሌሎች አጥቢዎች በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ የበግን ክብደት የያዘ ካንጋሩ የበግን ያህል አይበላም። የመምህሩ ወለል ለባለኪሶች ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው የተሠራው ማለት ነው። የዎምባት ኩስ ለምን እንደ ዳይስ ማዕዘን እንዳለው የጠየቀም ነበር። የአንጀቱ ግድግዳ በዙሪያው እኩል ስለማይለጠጥ ነው ተብሎ ታለፈ።

25ኛው ስለ ጥርስ ሁለት መስመር ብቻ ነው። የሣር በሎቹ ካንጋሩዎች መንጋጋ እየተበላ ወደ ፊት ይገፋና ይወልቃል። ከናባርሌክ በቀር ግን የሚተካ አዲስ የላቸውም። የመጨረሻው ካለቀ ሣሩ ቢኖርም ማኘክ የለም።

26ኛውን ያነበብኩት በሐዘን ነው። የጻፈችው ሜልበርን ያለችው እህት ናት፤ ከ8ኛው ጀምሮ ስታነብ ቆይታለች። በርቢጅና ማኬንዚ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1989 እ.ኤ.አ. አንድ ነገር አስተውለው ነበር። አውስትራሊያ ውስጥ ከጠፉትና ከተመናመኑት አጥቢዎች አብዛኞቹ ክብደታቸው ከ35 ግራም እስከ 5 ኪሎ ተኩል ባለው መካከል ነው። ዋነኞቹ ገዳዮች ከአውሮፓ የመጡት ቀበሮና ድመት ናቸው። ለነሱ ይህ ክብደት ልክ የሚያዝ፣ ልክ የሚያጠግብ ነው። አሁን ይህን ክብደት ስናወራበት ከቆየነው ጋር አስተያዩት። ቤቶንግና ፖቶሩ፣ እንጉዳይ ቆፋሪዎቹ፣ እዚያው መሀል ናቸው። እነሱ ሲጠፉ አፈሩን የሚጭርና የእንጉዳዩን ዘር በኩሱ የሚበትን አብሮ ይጠፋል። እንጉዳዩ ደግሞ ከዛፎቹ ሥር ጋር ተያይዞ ነው የሚኖረው።

የጊልበርት ፖቶሩን ታሪክም ነገረችን። 1 ኪሎ ገደማ ነው። ከምግቡ ከ90 በመቶ በላይ እንጉዳይ ነው። ጠፍቷል ተብሎ ከቆየ በኋላ በ1994 እ.ኤ.አ. በምዕራብ አውስትራሊያ፣ ቱ ፒፕልስ ቤይ በተባለ ቦታ እንደገና ተገኘ። በ2015 እ.ኤ.አ. እሳት ተነስቶ የዚያን መኖሪያ አብዛኛውን ክፍል በላው። ከእሳቱ በፊት የተወሰኑትን ወደ ደሴትና ወደ ታጠረ ቦታ አዛውረው ስለነበር ዘሩ አልጠፋም። ከሞላ ጎደል እንጉዳይ ብቻ የሚበላ እንስሳ መኖሪያው ሲቃጠል ወደ ሣር ልዙር ማለት አይችልም። እኔ በመነሻ ጽሑፌ ፖቶሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፌው ነበር።

27ኛው ያ ተማሪ ነው። ሁሉንም አንብቦ አንድ ጥያቄ ቀረው። ካንጋሩ ራሱ ትንሽ ሆኖ ነው የሚጀምረው። ከኪስ የወጣው ግልገል እንደ 5 ኪሎ ዋላቢ ከሆነ፣ የእናቱን ሣር እንዴት ይችለዋል?

መልሱን እዚሁ ልጻፍለት። የቀይ ካንጋሩ ግልገል በ8 ወሩ ገደማ ከኪስ ለመጨረሻ ጊዜ ይወጣል። ያኔ ክብደቱ 4 ወይም 5 ኪሎ ነው። በማደግ ላይ ስለሆነም በየኪሎው የሚፈልገው ጉልበት ከእናቱ በጣም ይበልጣል። ሆዱ ግን ትንሽ ነው። እናቱ የምትግጠውን ደረቅ ሣር ብቻ ሰጥተው ቢያሳድጉት አይበቃውም። ስለዚህ ሁለት ነገር ያደርጋል። ለጋውን እየመረጠ ይበላል፤ ደግሞም አንድ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ጭንቅላቱን ኪስ ውስጥ እያስገባ ይጠባል። ሣሩ የጎደለውን ወተቱ ይሞላዋል። ድርቅ ሲመጣ ለጋው ይጠፋል፤ የእናቱም ወተት ይነጥፋል። ትልልቆቹ በደረቁ ሣር ሲቆዩ መጀመሪያ የሚሞቱት እነዚህ ከኪስ የወጡ ግልገሎች ናቸው። እኛም ቤት ጥጃ ጡት እንደተወ ገለባ ላይ አይጣልም። ለስላሳውን ድርቆሽ ለይተን፣ ፉርሽካ ነስንሰን ነው የምንሰጠው።